ስለ ስዊስ አገር አቀማመጥና ስለ ሐይቆቹ
(በሬዲዮ ከተነገረው)

የስዊስ አገር ስም በተነሣ ጊዜ በብዙ ሰው አሳብ ቀድሞ የሚመጣው የእጅ ሰዓት፤ ቸኮላታና ባንክ ነው። ነገሩ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ሰዓቱም ሆነ ቸኮላታው፤ ባንኩም ሆነ ፋብሪካው የኋላ ነገር ነው። አስቀድሞ የነበረው ድንጋይ፤ በረዶና ውሃ ነው። ነዳጅ ዘይት የማይፈልቅበት፤ የድንጋይ ከሰሉም እዚህ ግባ የማይባል፤ የባሕር በርም የሌለው ይህ ተራራማ አገር በዓለም ካሉት ሀብታሞች አገሮች አንዱ ለመሆን እንዴት እንደ በቃ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው የመሬቱን አቀማመጥ፤ በተለይም የሐይቆቹን ታሪክ መመርመር ይገባዋል። ዛሬ ለአድማጮቻችን የምንናገረው ስለዚሁ ነው። በንግግራችን ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፤ ለይተን ካላመለከትን በቀር፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የአገሩ ስፋት 41,285 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህም ከኢትዮጵያ ስፋት ጋር ሲመዛዘን ከሃያ አምስት እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። የሕዝቡ ቍጥር ዘጠኝ ሚሊዮን ያህል ሲሆን ጀርመንኛ፤ ፈረንሳይኛ፤ ኢጣልያንኛና ሮማንሽ የሚባለውን ቋንቋ ይናገራል። መሬቱ በተፈጥሮው በሦስት ይከፈላል። በሰሜን ምዕራብ በኩል ከፈረንሳይ ጋር የሚያዋስነው የጁራ ተራራ አለ፤ ይህ ከአገሩ አንድ አሥረኛውን ይይዛል። በደቡብና በምሥራቅ የአልፕስ ተራሮች ከአገሩ ስፋት ስድስት አሥረኛ ያህሉን ሸፍነው ይገኛሉ። በሁለቱ መካከል ከጄኔቭ እስከ ኮንስታንስ ሐይቅ ድረስ የተዘረጋው ኮረብታማ ሜዳ የቀረውን ሦስት አሥረኛ ይይዛል፤ ሆኖም ከሕዝቡ ሦስት እጅ ሁለቱ የሚኖረው በዚህ በመካከለኛው መሬት ነው። ዙሪክ፤ በርን፤ ሎዛንና ጄኔቭም የሚገኙት እዚሁ ላይ ነው።

ከአልፕስ ጫፎች በስዊስ ምድር ከሁሉ የሚበልጠው ዱፉር የተባለው ጫፍ 4,634 ሜትር ከፍታ አለው። ይህ ከኛ ከራስ ደጀን የሚበልጠው መቶ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በከፍታ እንዲህ የተቀራረቡ ተራሮች በጠባያቸው ግን እጅግ ይራራቃሉ። በሰሜን ተራሮቻችን ከ3,000 ሜትር በላይ ገብስ ይዘራል፤ ከብት ይሰማራል፤ ቤት ይሠራል። በአልፕስ ግን ከዚህ ከፍታ በላይ የሚገኘው ገደልና ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ በረዶ ነው። አገሩ ከምድር ወገብ እጅግ የራቀ ስለ ሆነ የእኛ ደጋ የሚባለው ከፍታ ለእነርሱ የማይኖሩበት ውርጭ ነው። ከዚህ ከፍታ ተነሥቶ በደቡብ በኩል እስከ ማጆሬ ሐይቅ ዳር ድረስ ሲወርዱ ከባሕር ወለል በላይ 193 ሜትር ብቻ ወደ ሆነው ቦታ ይደርሳሉ፤ በዚያም ዘንባባ በቅሎ ይታያል።

በዚህ ከፍታ ላይ የሚወርደው ዝናምና በረዶ ወደ አራት ባሕሮች ይሄዳል። የራይን ወንዝ ወደ ሰሜን ባሕር፤ የሮን ወንዝ ወደ ሜዲቴራኒያን፤ የቲቺኖ ወንዝ ከኢጣሊያው ፖ ጋር ተቀላቅሎ ወደ አድርያቲክ፤ በምሥራቅ በኩል ያለው ኢን ደግሞ ከዳኑብ ጋር ሆኖ ወደ ጥቍር ባሕር ይፈስሳል። የራይንና የሮን ምንጮች በጎትሃርድ ተራራ አካባቢ የሚነሡ ሲሆን በመካከላቸው ያለው ርቀት ሠላሳ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ መድረሻቸው ግን አንዱ በሆላንድ፤ አንዱ በደቡብ ፈረንሳይ ነው።

ሐይቆቹ ከየት መጡ ቢባል መልሱ የበረዶ ግግር ነው። ከ24,000 ዓመት ገደማ በፊት፤ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን፤ ከአልፕስ ሸለቆዎች የወረደው ግግር መካከለኛውን ሜዳ ከሞላ ጐደል ሸፍኖት ነበር። ዛሬ ጄኔቭ ባለችበት ቦታ ላይ የነበረው የበረዶ ውፍረት አንድ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ነበረ የሥነ ምድር ሊቃውንት ይናገራሉ። የበረዶ ግግር እንደ ወንዝ ቸኵሎ ባይሄድም ይሄዳል፤ ሲሄድም በሥሩ የያዘውን ድንጋይ እንደ ሞረድ እየፈተገ ምድሩን ይቈፍራል፤ በፊቱ የገፋውን አፈርና ድንጋይ ደግሞ በቆመበት ቦታ ከምሮ ይተወዋል። አየሩ ሞቆ በረዶው ወደ ተራራው ባፈገፈገ ጊዜ የተቈፈረው ጕድጓድና የተከመረው ግድብ ውሃ ይዘው ቀሩ። እነዚህ ናቸው የዛሬዎቹ ሐይቆች።

ከዚህም የተነሣ የአልፕስ ሐይቆች ጠባብና ረዥም፤ እጅግም ጥልቅ ናቸው። ፈረንሳይና ስዊስ የሚካፈሉት የሌማን ሐይቅ ስፋቱ 580 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ 310 ሜትር ይደርሳል። የኛ ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን 15 ሜትር ገደማ ነው፤ ምክንያቱም ጣናን የፈጠረው የውሃውን መውጫ የዘጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንጂ ምድርን የቈፈረ በረዶ አይደለም። እንግዲህ በስፋት ጣና ሌማንን ከአምስት እጅ በላይ ሲበልጠው፤ በያዘው ውሃ ብዛት ግን ሌማን ጣናን ሦስት እጅ ያህል ይበልጠዋል። ማጆሬ ደግሞ 372 ሜትር ጥልቀት ስላለው ወለሉ ከባሕር ወለል በታች ወደ 180 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሐይቅን በስፋቱ ብቻ መመዘን ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ ይታያል።

የሌማንን ነገር ካነሣን በዳርቻው በሞርዥ ከተማ በ1841 የተወለደውን ፍራንሷ አልፎንስ ፎሬልን ሳናነሣ አናልፍም። የሐይቆችን ጠባይ የሚመረምረውን ትምህርት በዓለም የመሠረተው እርሱ ነው፤ ስለዚሁ ስለ አንድ ሐይቅም ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ጽፏል። የጄኔቭ ሰዎች ነፋስ ሳይነፍስ፤ ዝናምም ሳይዘንም የሐይቁ ውሃ ወደ ላይ ከፍ፤ መልሶም ዝቅ ሲል እያዩ ይደነቁ ነበር። ፎሬል በተወለደበት ዓመት እንኳ ውሃው ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ወጥቶ ወርዶ ነበር። እርሱ መርምሮ እንዳስረዳው ነፋስ ወይም የአየር ግፊት ሐይቁን በአንድ በኩል ከገፋው በኋላ፤ በገበታ ላይ ያለ ውሃ ገበታው ሲነቀነቅ ወዲያና ወዲህ እንደሚል፤ መላው ሐይቅ ከዳር እስከ ዳር ይወዛወዛል። በሌማን ላይ የአንዱ ውዝዋዜ ምላሽ 73 ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

ሐይቁ ግን ሁልጊዜ እንዲህ በቀስታ ብቻ አልተነቃነቀም። በ563 ዓመተ ምሕረት ከሐይቁ በላይ በሮን ሸለቆ ተራራ ተደርምሶ ታላቅ ማዕበል ተነሥቶ የዳርቻ መንደሮችን እንዳጠፋ፤ በጄኔቭም ድልድይና ወፍጮዎችን እንዳፈረሰ የዘመኑ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። በዘመናችን ሊቃውንት ከሐይቁ ወለል ያገኙት የደለል ክምችት ይህን የሚያስረዳ ሆኗል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሐይቅ ለአገሩ ምን ያደርጋል? በበጋ በረዶ ሲቀልጥ፤ ወይም ዝናም ሲበረታ፤ ከተራራ የሚወርደው ጐርፍ ድንጋይና ደለል ይዞ ይመጣል። ሐይቅ ካገኘ ደለሉን እዚያ ይጥላል፤ ጕልበቱም ይበርዳል። ሮን ወደ ሌማን ሲገባ የደፈረሰ ነው፤ ከጄኔቭ ሲወጣ ግን ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። አንድ የውሃ ጠብታም ወደ ሐይቁ ከገባ በኋላ እስኪወጣ በአማካይ አሥራ አንድ ዓመት ያህል ይቈያል። ቱንና ብሪየንስ የሚባሉት ሁለት ሐይቆች ጥንት አንድ ሐይቅ እንደ ነበሩና ከግራና ከቀኝ የገቡት ወንዞች ያመጡት ደለል መካከሉን ሞልቶ እንደ ለያያቸው ይታወቃል፤ በዚያ በደለል መሬት ላይ የተሠራችው ከተማ ኢንተርላከን ትባላለች፤ ትርጓሜውም በሐይቆች መካከል ማለት ነው።

የስዊስ ሰዎች ይህን የሐይቅ ጠባይ ተረድተው ለመጠቀም ያሰቡት ቀደም ብሎ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ግን ብዙ መከራ አስከተለ። ካንደር የሚባለው ወንዝ ከቱን ከተማ በታች አሬ ከሚባለው ወንዝ ጋር እየተጋጠመ እርሻውን ያጥለቀልቅ ነበርና፤ የበርን መንግሥት በ1711 ወንዙ ተጠልፎ ወደ ቱን ሐይቅ እንዲገባ ወሰነ። በመካከል ባለው ኮረብታ ሥር ዋሻ ተፈልፍሎ በ1714 ወንዙ ወደ ሐይቁ ገባ። ከዋሻው በታች ያለውን ምድር ውሃው በጥቂት ጊዜ ውስጥ በልቶ ጣሪያው ተደረመሰና ጥልቅ ገደል ሆነ፤ ወንዙም በሙሉ ወደ ሐይቁ ተገለበጠ። ነገር ግን የሐይቁ መውጫ እንደ ቀድሞው ጠባብ ነበረ። ስለዚህ በታች ያሉት ገበሬዎች ሲያርፉ የቱን ከተማ ሰዎች በጐርፍ ተጥለቀለቁ፤ ከዚያም በኋላ መውጫውን ለማስፋት ብዙ ዓመት ደከሙ። የሚገባውን ውሃ አስቦ የሚወጣውን አለማሰብ ያመጣው ጥፋት ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ በሊንት ወንዝ ላይ የተሠራው ሥራ ግን የተለየ ነበር። ይህ ወንዝ ከግላሩስ ተራሮች የሚያመጣው ድንጋይ የቫለን ሐይቅን መውጫ እየደፈነ የሐይቁን ከፍታ ከአምስት ሜትር በላይ ከፍ አደረገው። በዳርቻው ያሉት ከተሞች በውሃ ተያዙ፤ ሜዳውም ረግረግ ሆነ፤ በረግረጉ ዘንድ ወባ ገብቶ ሕዝቡን ይፈጀው ጀመር። አዎን፤ በአልፕስ ሥር ወባ ነበረ። ሃንስ ኮንራድ ኤሸር የሚባል የዙሪክ ሰው ወንዙን ወደ ሐይቁ ለማስገባትና የሐይቁን መውጫ በቦይ እስከ ዙሪክ ሐይቅ ለማድረስ አሳብ አቀረበ። መንግሥቱ ገንዘብ ስላልነበረው ወጪው የተገኘው ለሕዝብ አክሲዮን በመሸጥ ነው። ሥራው በ1807 ተጀምሮ ወንዙ በ1811 ወደ ሐይቁ ገባ፤ ቦዩም በ1816 ተከፈተ። ኤሸር በ1823 ሲሞት ቤተ ሰቡ «የሊንቱ» የሚል የክብር ስም ተሰጠው። እኛ አገር ጀግና በፈረሱ ስም እንደሚጠራ ሁሉ እነዚያ ባለውለታቸውን በወንዙ ስም ጠሩት።

በምዕራብ በኩል ባሉት በኔሻቴል፤ በቢልና በሙርተን ሐይቆች መካከል ለነበረው ታላቅ ረግረግ ደግሞ የተነሣለት ዮሐን ሩዶልፍ ሽናይደር የሚባል ሐኪም ነው። በሽተኞቹን ከማከም ይልቅ በሽታ የሚያመጣውን ውሃ ማስወገድ እንደሚሻል ተረድቶ ለብዙ ዓመታት ሲሟገት ኖረ። ከ1868 እስከ 1891 በተሠራው ሥራ የአሬ ወንዝ ተጠልፎ በሃግኔክ ቦይ ወደ ቢል ሐይቅ እንዲገባ ሲደረግ የሦስቱ ሐይቆች ከፍታ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ወረደ። ረግረጉ ደርቆ ዛሬ ለአገሩ አትክልት ከሚያመርቱት ዋና ዋና ቦታዎች አንዱ ሆኗል። ምድሩ ሲደርቅ ስለ ሰጠመ ጐርፉ መልሶ ቢያስቸግር ከ1962 እስከ 1973 ሁለተኛ ሥራ ማስፈለጉም አልቀረም።

ይህ ሁሉ ሲሆን አገሩ ሀብታም አልነበረም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ብዙ የስዊስ ገበሬ ከረኃብ የተነሣ ወደ አሜሪካና ወደ ብራዚል ተሰድዷል፤ ከዚያም በፊት ወጣቶቹ ለባዕድ ነገሥታት በደመወዝ ወታደርነት ይቀጠሩ ነበር። ሙያ ተምረው ሥራ ፍለጋ ከወጡት አንዱ በ1854 ከኮንስታንስ ሐይቅ በማይርቀው በፍራውንፌልድ የተወለደው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነው። ዙሪክ ተምሮ ወደ ሸዋ መጣና የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ ሆነ፤ ከእንጦጦ ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥት ያወረደውና ለጅቡቲ ምድር ባቡር የደከመውም እርሱ ነው። ጄኔቭን ግን የኢትዮጵያ ሰው የሚያስታውሳት በሌላ ነገር ነው፤ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የአገራቸውን በደል የተናገሩት በሌማን ዳር ባለችው በዚህችው ከተማ ነው።

ሀብቱ የመጣው በብዙ መንገድ ነው፤ ሁሉን ለመዘርዘር ጊዜ አይበቃንም። የተራራ ሣር ላምን ይመግባል እንጂ ስንዴ አያበቅልም፤ ስለዚህ ወተቱ አይብ ሆነ፤ በ1875ም በሌማን ዳር በቨቬ ከተማ ዳንኤል ፔተር ወተትን ከካካዎ ጋር አዋሕዶ የወተት ቸኮላታ አወጣ። በ1882 የጎትሃርድ የባቡር ዋሻ ሲከፈት ቀድሞ መሰናክል የነበረው ተራራ የሰሜንና የደቡብ አውሮፓ በር ሆነ፤ በ2016 የተከፈተው አዲሱ ዋሻ 57 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከሰል ያጣው አገር ከከፍታ የሚወርደውን ውሃ ወደ ኤሌክትሪክ ለወጠው፤ ዛሬም ከሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ከግማሽ የሚበልጠው ከውሃ የሚገኝ ነው። በ1961 የተፈጸመው የግራንድ ዲክሳንስ ግድብ ከፍታው 285 ሜትር ነው።

ሀብት ሲመጣ ቈሻሻውም መጣ። ከተሞችና ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን ሳያጠሩ ወደ ሐይቆቹ ይለቁ ነበር፤ በ1965 የፍሳሽ ማጣሪያ የደረሰለት ሕዝብ ከመቶ 14 ብቻ ነበር። በ1963 ከዓለም ዙሪያ ጐብኝ በሚመጣባት በዘርማት የታይፎይድ በሽታ ገብቶ አራት መቶ የሚያህሉ ሰዎች ታመሙ። በሐይቆቹ ላይ የደረሰው ጕዳት ግን በዓይን ቶሎ የሚታይ አልነበረም። በፍሳሹና በልብስ ማጠቢያ ሳሙናው ውስጥ ያለው ፎስፎረስ የሚባል ንጥረ ነገር ለውሃ እንደ ማዳበሪያ ነው፤ አልጌ የሚባሉትን ደቃቅ የውሃ ዕፅዋት ያበዛል። እነዚህ ሞተው ወደ ወለሉ ሲወርዱና ሲበሰብሱ በጥልቁ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣውም ዕንቍላሉም ታፍኖ ይጠፋል። ሐይቁ የሁለትና የሦስት መንግሥታት ስለ ሆነ አንዱ ቢያጠራ ሌላው ካላጠራ ከንቱ ነውና፤ ለኮንስታንስ በ1959፤ ለሌማን በ1963 የጋራ ጉባኤ ተቋቋመ። ማጣሪያዎች በየከተማው ተሠሩ፤ በ1986 ስዊስ ፎስፎረስ ያለበትን የልብስ ሳሙና ከለከለች። ዛሬ ማጣሪያ የደረሰለት ሕዝብ ከመቶ 97 በላይ ነው፤ የዙሪክ ከተማ ከሚጠጣው ውሃ አብዛኛው የሚቀዳው ከሐይቁ ነው፤ ከኮንስታንስም በጀርመን በኩል ብቻ አራት ሚሊዮን ያህል ሰው ይጠጣል።

ይሁን እንጂ ሐይቆቹ ዳኑ ብሎ መናገር አይቻልም። ኳጋ የሚባል ከጥቍር ባሕር አካባቢ የመጣ ባለ ዛጎል ትንሽ የውሃ እንስሳ በ2015 በሌማን፤ በ2016 በኮንስታንስ ተገኝቶ የውሃ መቅጃ ቧንቧዎችን እየሸፈነ፤ የዓሣውንም ምግብ እየተሻማ በፍጥነት ተባዝቷል። ሁለተኛውና የሚያሰጋው ነገር ሙቀቱ ነው። በክረምት ላይኛው ውሃ በርዶ ሲከብድ ወደ ታች ይሰጥማል፤ በዚህም ኦክሲጅን ወደ ጥልቁ ይደርሳል። ክረምቱ ሲለዝብ ግን ይህ መቀላቀል ይጐድላል፤ በሌማን ውሃው እስከ ወለሉ ድረስ የተቀላቀለው በ2012 ሲሆን ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ እንዲህ ያለ ነገር ሳይታይ ቈይቷል።

ሐይቆቹን የወለደው የበረዶ ግግርም እየቀለጠ ነው። በ2022 እና በ2023፤ በሁለት ዓመት ብቻ፤ የስዊስ ግግሮች ከነበራቸው በረዶ ከመቶ አሥር እጅ ያህሉን አጥተዋል። ግንቦት 28 ቀን 2025 በአውሮፓውያን ወር አቈጣጠር፤ በቫሌ አውራጃ ባለው በሎችንታል ሸለቆ ከተራራ የተናደ ድንጋይ የተከመረበት በርች የሚባለው ግግር ከነሸክሙ ወርዶ የብላተንን መንደር አብዛኛውን ክፍል ቀበረው። አዋቂዎች የተራራውን መንቀሳቀስ አስቀድመው በመሣሪያ ተከታትለው ስለ ነበረ ሦስት መቶ የሚያህሉት ነዋሪዎች ከነከብቶቻቸው ከዘጠኝ ቀን በፊት ወጥተዋል፤ እንዲያም ሆኖ አንድ ሰው ሞተ። ናዳው ወንዙን ስለ ዘጋው ውሃው ተጠራቅሞ ከናዳው የተረፉትን ቤቶች አሰጠማቸው። የጥንት ሐይቆች እንዴት እንደ ተፈጠሩ ለማየት የፈለገ ሰው በዚያ ሳምንት በዓይኑ ሊያየው ይችል ነበር፤ ዋጋው ግን የአንድ መንደር ሕዝብ ቤትና ርስት ነው።

ንግግራችንን ከመፈጸማችን በፊት ስለ ኮንስታንስ ሐይቅ አንድ ነገር እንጨምር። ይህ ሐይቅ ስዊስ፤ ጀርመንና ኦስትሪያ የሚገናኙበት ሲሆን፤ በሰፊው ክፍሉ ላይ ሦስቱ መንግሥታት የተስማሙበት ድንበር እስከ ዛሬ የለም፤ ያለ ድንበርም ተስማምተው ይኖራሉ። ውሃው ጥልቅ ስለ ሆነ በሙሉ የሚረጋው በብዙ ዘመን አንድ ጊዜ ነው። በረጋ ጊዜ የሁለቱ ዳርቻ ምእመናን ከ1573 ጀምሮ በሚነገር ልማድ፤ የቅዱስ ዮሐንስ ወንጌላዊን ከእንጨት የተቀረጸ ምስል ይዘው በበረዶው ላይ በእግራቸው እየዘመሩ ይሻገራሉ፤ ምስሉም ሐይቁ እንደ ገና እስኪረጋ ድረስ በተሻገረበት ቤተ ክርስቲያን ይቀመጣል። በ1830 ከጀርመን ወደ ስዊስ ተሻግሮ ነበር። በየካቲት 1963 በአውሮፓውያን ወር፤ ብዙ ሺህ ሕዝብ አጅቦት ከስዊስ ሙንስተርሊንገን ወደ ጀርመኑ ሃግናው መንደር ተወሰደ። ከዚያ ወዲህ ሐይቁ በሙሉ አልረጋም፤ ምስሉም በሃግናው እንደ ተቀመጠ ነው።